ሽበታሙ ቁልቋል በወሎ ደጋ፦ ከምልክቱ ወደ ምክንያቱ፣ ከምክንያቱ ወደ መፍትሄው

ደሴ ላይ ነጭ ጸጉር የለበሰውን ረጅም ቁልቋል በረንዳቸው ላይ የሚያሳድጉ ሰዎች ስሞታ የሚያበዙት በመስከረምና በጥቅምት ነው። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ ተክሉ ይሸበሸባል፣ ይጎብጣል ወይም ግርጌው ይጠቁራል፤ ባለቤቱም «ፀሐይ መታው» ወይም «ውኃ ጠማው» ብሎ ያጠጣዋል። በእኔ ልምድ ግን በመስከረም የሚታየው ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሐምሌና የነሐሴ ሥራ ነው። ስለዚህ ተክላችሁን ስትመረምሩ ከግንዱ በፊት አፈሩን፣ ከዛሬው አየር በፊት ያለፉትን ሁለት ወራት እንድታዩ አደራ እላለሁ።

ጸጉራም ቁልቋል የምንለው አንድ ተክል ብቻ አይደለም። ከሁሉም የታወቀው ሴፋሎሴሬየስ ሴኒሊስ የተባለው የሜክሲኮ ተወላጅ ሲሆን፣ በሂዳልጎና በቬራክሩዝ ግዛቶች ደረቅ ሸለቆዎች ውስጥ በኖራ ድንጋይ ላይ ይበቅላል። ኤስፖስቶዋ ላናታ የፔሩና የኢኳዶር፣ ክሌይስቶካክተስ ስትራውሲ የቦሊቪያና የአርጀንቲና ናቸው፤ ኦሬዮሴሬየስ የሚባሉት ደግሞ 3000 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ካለው የአንዲስ ተራራ የመጡ ናቸው። በየገደላችን የሚበቅለው ቁልቋል ከእነዚህ ጋር ዝምድና የለውም፤ እሱ ሲቆረጥ ዓይን የሚጎዳ ነጭ ወተት ያወጣል፣ እነዚህ ግን ወተት የላቸውም። እሱ ዝናቡንም ጥቁሩንም አፈር ስለቻለ እነዚህም ይችላሉ ብሎ ማሰብ ብዙ ተክል አስፈጅቷል።

ጸጉሩ በትውልድ ቦታው ከብርቱ ፀሐይና ከሌሊት ብርድ የሚጠብቅ ልብስ ነው፤ ዝናብ ሲጠጣ ግን እንደረጠበ ጋቢ ሳይደርቅ ይውላል። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ ክረምቷ ጭጋጋምና ቀዝቃዛ ነው። ተክሉን የሚጥለው ብርዱ ብቻውን ወይም ውኃው ብቻውን ሳይሆን የሁለቱ አንድ ላይ መሆን ነው። ወደ ኮምቦልቻ፣ ከሚሴና ቆቦ ሲወረድ አየሩ ስለሚሞቅና አፈሩ ቶሎ ስለሚደርቅ ይህ ችግር ይቀላል።

ግንዱ ሲሸበሸብ

ይህ ምልክት ሁለት ተቃራኒ ምክንያቶች ስላሉት ከሁሉ ይበልጥ ያሳስታል። ተክሉ የሚሸበሸበው ውኃ ሲያጣ ነው፤ ውኃ የሚያጣው ግን ወይ አፈሩ ስለደረቀ ነው፣ ወይ ሥሩ በስብሶ በእርጥብ አፈር መካከል ተቀምጦም መጠጣት ስላቃተው ነው። ሁለቱን ለመለየት ደረቅ የእንጨት ስንጥር እስከ መትከያ ዕቃው ታች ድረስ ሰክታችሁ ለጥቂት ደቂቃዎች ትታችሁት አውጡት። ስንጥሩ ደርቆ ከወጣና ተክሉም ሲነቀነቅ አፈሩን አጥብቆ ከያዘ ጥም ነውና ውኃው ከታች እስኪፈስ ድረስ አጠጡት፤ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ሞልቶ ይመለሳል። ጭቃ ይዞ ከወጣ ግን አንድ ጠብታ ሳትጨምሩ ተክሉን ነቅላችሁ ሥሩን እዩ። ጤነኛ ሥር ነጣ ወይም ቡናማ ብሎ ጠንከር ያለ ነው፤ የበሰበሰው ጠቁሮ፣ በጣት ሲሳብ ልጣጩ ተገፎ መካከሉ ላይ ክር የሚመስል ነገር ብቻ ይቀራል።

የመጀመሪያ ተክሌን ያጣሁት ይህን ባለማወቄ ነው። መስከረም ላይ መሸብሸብ ሲጀምር ጎረቤቶቼ «አብሽር፣ ውኃ ካገኘ ይመለሳል» እያሉ አጽናኑኝ፤ እኔም አምኜ በየሁለት ቀኑ አጠጣሁት። በሦስተኛው ሳምንት ወደ ፀሐይ ላዞረው ብዬ ስነካው ያለ ምንም ትግል ከአፈሩ ተነቅሎ በእጄ ላይ ቀረ። የግርጌው ጸጉር ከነቆዳው ተላጠ፤ ውስጡ ወደ ብርቱካን ያደላ ቡናማ ሆኖ፣ ጆንያ ውስጥ እንደተበላሸ ድንች ይሸት ነበር። ጫፉ ግን ገና አረንጓዴና ጠንካራ ነበር፤ ያን ጊዜ ባውቅ ኖሮ ቆርጬ ላድነው እችል ነበር።

ግርጌው ሲጠቁርና ሲለሰልስ

በመጀመሪያ ሕመሙን ከእርጅና ለዩ። ዕድሜ ያለው ተክል ግርጌው ቡናማ ሆኖ እንደ እንጨት ይጠነክራል፤ በአውራ ጣት ሲጫኑት ካልሰረጎደ ጤነኛ ነውና ተዉት። ከሰረጎደና ፈሳሽ ካወጣ ግን መበስበስ ጀምሯል፤ የበሰበሰ ክፍል ደግሞ በመድኃኒት አይመለስም፣ መቆረጥ አለበት።

ስለታም ቢላዋ በአልኮል ጠርጋችሁ ከለሰለሰው ቦታ ከፍ ብላችሁ ግንዱን አግድም ቁረጡት። በተቆረጠው ፊት መካከል ውኃ የሚያመላልሱት የግንዱ ቱቦዎች የሠሩት ቀለበት ይታያል። ዙሪያው ያለው ሥጋ ንጹሕ ቢመስልም ቀለበቱ ላይ አንዲት ቡናማ ነጥብ ካለች በሽታው ወደ ላይ አልፏል ማለት ነው፤ ነጥቧ እስክትጠፋ ድረስ፣ ቢላዋውን በየመሀሉ እየጠረጋችሁ፣ በስሱ እየቀነሳችሁ ቁረጡ። በዚህ ላይ መሰሰት አይገባም፤ ሁለት ጣት የሚያህል ግንድ አሳዝኗቸው የቆረጡትን ሁሉ በኋላ ያጡ ሰዎች አይቻለሁ። ከዚያ ጠርዙን በጥቂቱ አሹሉት፣ ካላችሁም የድኝ ዱቄት ነስንሱበት፣ ጥላና ነፋስ ባለበት ቦታ ቢያንስ ሦስት ሳምንት አቁማችሁ አድርቁት። ተጋድሞ ከቆየ ይጎብጣል። ቁስሉ ደርቆ እንደ ቅርፊት ሲጠነክር በደረቅ አሸዋና ጠጠር ላይ ትከሉት፤ ሥር ማውጣቱን እስክታዩ ድረስ በደንብ አታጠጡት። ለዚህ ሥራ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ይመረጣል። በሐምሌ የተገኘ መበስበስ ግን ቀን አይሰጥምና ወዲያውኑ ቆርጣችሁ ቤት ውስጥ ሞቅና ደረቅ ባለ ቦታ አድርቁት።

የችግሩ ምንጭ ግን አፈሩ ስለሆነ እሱ ካልተለወጠ ሕመሙ ይመለሳል። ዋልካ አፈር ውኃ ይዞ አይለቅም፤ ሲደርቅ ደግሞ ተሰንጥቆ ሥር ይበጥሳል። እኔ የምጠቀመው አንድ እጅ የተነፋ ብስባሽ ያለው አፈር ለሦስት እጅ የታጠበ ሻካራ የወንዝ አሸዋና ደቃቅ ጠጠር ነው፤ ሬድ አሽ የሚባለው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ከተገኘ ከጠጠሩ ይሻላል። መትከያው ታቹ የተበሳ፣ ያልተቀባ ሸክላ ቢሆን በጎኑም ስለሚተነፍስ ይመረጣል፤ ከሥሩ ሁለት ድንጋይ አድርጋችሁ ከወለሉ ከፍ አድርጉት። ደሴ ላይ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ ከጣሪያ ሥር አስገብቼ ትልልቆቹን ጨርሶ አላጠጣም። የበልግ ዝናብም ቀላል ተደርጎ መታየት የለበትም።

ጸጉሩ ሲያድፍ

የታችኛው ጸጉር በዕድሜ መደብዘዙና መርገፉ የተፈጥሮ ነው። የላዩም ከጠቆረ ግን ወይ የመንገድ አቧራ ነው፣ ወይ የከሰልና የዕጣን ጭስ ነው፤ ቡና በሚፈላበት ክፍል የቆመ ተክል በአንድ ዓመት ውስጥ ቀለሙን ይለውጣል። የሚታጠበው ብሩህ ፀሐይ ባለበት ማለዳ ነው። አፈሩን በፌስታል ሸፍናችሁ ግርጌው ላይ እሰሩ፣ ተክሉን ዘንበል አድርጋችሁ ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ሳሙና፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ጸጉሩ በሚወርድበት አቅጣጫ አበጥሩት። መጀመሪያ የሚወርደው ውኃ የሻይ ቀለም ይኖረዋል፤ ጥርት እስኪል በንጹሕ ውኃ አለቅልቁትና ነፋስ ላይ አቁሙት። ከጸጉሩ ሥር የተደበቀው እሾኽ ብርቱ ስለሆነ ግንዱን በታጠፈ ጋዜጣ ያዙት። ጸጉሩ ተጣብቆ ጥቁር ነጠብጣብ ካወጣ አቧራ ሳይሆን ሻጋታ ነው፤ ያንን ክፍል በመቀስ አንሱና ተክሉን ነፋስ ወደሚያገኝበት ቦታ ውሰዱት።

በጸጉሩ መካከል ጥጥ የመሰለ ነገር ሲታይ

ነጭ ተባይ በነጭ ጸጉር ውስጥ ስለሚደበቅ ብዙ ጊዜ የሚያጋልጡት ጉንዳኖች ናቸው፤ ተባዩ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ፍለጋ በግንዱ ላይ ሲመላለሱ ካያችሁ ጸጉሩን ከፍላችሁ ፈልጉ። ጸጉር ሲጎትቱት ክር ሆኖ ይሳባል፤ ተባዩ ግን በጣት ሲነካ እንደ ሰም ይቀባል። ሲጨፈለቅ እንደ ደም ደማቅ ቀይ ከሆነ ደግሞ በትግራይ የበለስ ተክልን ያጠቃው ኮቺኒል የሚባለው ተባይ ሊሆን ይችላል፤ በአቅራቢያችሁ ያለውን በለስም ተመልከቱ። 70 በመቶ አልኮል በነከረ ቀጭን ብሩሽ እያንዳንዱን ንኩ፤ እንቁላሉ በኋላ ስለሚፈለፈል በየሳምንቱ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ድገሙት። ተክሉ ያለ ምክንያት ማደግ ካቆመ ሥሩንም እዩት፤ ነጭ ዱቄት ካለበት አፈሩን ሙሉ በሙሉ አስወግዳችሁ ሥሩን እጠቡ፣ አድርቁ፣ በአዲስ አፈር ትከሉ።

የጫፉ ችግሮች

ጫፉ ቀጥኖና ገርጥቶ ከረዘመ ብርሃን አንሶታል፤ የቀጠነው ተመልሶ አይወፍርም፣ ከዚያ በኋላ የሚያድገው ግን ይስተካከላል። ወደ ፀሐይ ስታወጡት በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ አለማምዱት፤ ክረምቱን ቤት ውስጥ ከርሞ በመስከረም በአንድ ቀን የወጣ ተክል በአንድ ጎኑ ነጥቶ ይቃጠላል፣ ጠባሳውም አይጠፋም። ጫፉ ላይ ዝገት የመሰለ ደቃቅ ቅርፊት ከታየ ግን ቀይ ሸረሪት ነው፤ በበጋ፣ በተለይም በቆላው፣ ይበረታል። በማለዳ ውኃ በኃይል እየረጫችሁ አጥሩት፤ ካልበቃ የሸረሪት መድኃኒት ግዙ፣ የተለመደው የነፍሳት መድኃኒት ብዙ ጊዜ አይገድለውም።

ከኅዳር እስከ ጥር፣ በተለይ እንደ ደላንታ ባሉ ከፍተኛ ቦታዎች፣ ውርጭ የመታው ሥጋ መጀመሪያ ውኃ የቋጠረ መስታወት ይመስላል፣ ከዚያ ይጠቁራል። ኦሬዮሴሬየስ አፈሩ ደረቅ ከሆነ ውርጩን ይችላል፤ የሜክሲኮውንና ኤስፖስቶዋን ግን ማታ ማታ ወደ ቤት አስገቡ።

«ለምን አያብብም?» ለሚሉኝ ደግሞ ይህ ችግር አይደለም፤ የሜክሲኮው ሽበታም የሚያብበው ቁመቱ ስድስት ሜትር አካባቢ ሲደርስ ነው፣ በመትከያ ውስጥ ደግሞ በዓመት የሚጨምረው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው።