የኤትና ወይን ስትገዙ መጀመሪያ ተራራውን ጠይቁ

የጣሊያን ደሴት በሆነችው ሲሲሊ ውስጥ፣ ኤትና በተባለው የእሳተ ገሞራ ተራራ ሰሜናዊ ጎን ወይን ስለቅም ይኸው ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ወዳጆቼ "የቱን እንግዛ?" ሲሉኝ የምመልሰው በጥያቄ ነው፦ ከየትኛው ጎን? ስንት ሜትር ላይ?

ጠርሙሱን አዙራችሁ የመንደሩን ስም ፈልጉ። ራንዳዞ ወይም ካስቲሊዮኔ ካለ ሰሜን ነው፤ የቀዩ አገር። ሚሎ ካለ ምሥራቅ ነው፤ ባሕሩን የሚያይ፣ ዝናብ የማያጣው፣ የነጩ አገር። "ኮንትራዳ" የሚል ቃል ካገኛችሁ እንደኛ ጎጥ ማለት ነው። ላቫው በተለያየ ዘመን ስለፈሰሰ የአንዱ ጎጥ አፈር ከጎረቤቱ ጋር እኩያ አይደለም።

ወይኑ በብዛት ያለው ከ400 እስከ 1,000 ሜትር ነው። ይህን ለእናቴ ብነግራት "ታዲያ ቆላ ነዋ!" ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው፤ የኛ ወይና ደጋ ገና ከ1,500 ሜትር ይጀምራል። እዚህ ግን ከምድር ወገብ ርቀናል፤ ሴፕቴምበር ላይ ማታ ማታ ጃኬት እንደርባለን። ቀን ፀሐዩ ፍሬውን ያጣፍጠዋል፣ ሌሊት ብርዱ ኮምጣጣነቱን ያቆይለታል። ኔሬሎ ማስካሌዜ የተባለው ቀዩ ዝርያ ቀስ ብሎ ስለሚበስል የምንለቅመው ኦክቶበር ላይ ነው።

አፈሩን "ሪፒዱ" ይሉታል። ቢሾፍቱ አካባቢ የሚቆፈረውን ቀይ አሽ አስቡ፤ ይኼኛው ጥቁር ነው። ስትረግጡት ይንኮሻኮሻል፣ ማታ ጫማዬን ሳራግፍ አንድ እፍኝ ይወጣል። ውሃ ስለማይቋጥር ሥሩ ወደ ታች ይወርዳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓን ወይን የፈጀው ፊሎክሴራ የተባለ የሥር ተባይ አሸዋ አይመቸውም፤ ስለዚህ እዚህ መቶ ዓመት ያለፋቸው፣ በሌላ ዝርያ ሥር ላይ ሳይከተቡ በገዛ ሥራቸው የቆሙ ግንዶች አሉ።

አሁን ቅመሱ። ቀዩን ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት። ቀለሙ ስስ ነው፣ ጣታችሁ በብርጭቆው አልፎ ይታያል፤ ውሃ የገባበት እንዳይመስላችሁ። ከዋጣችሁ በኋላ ምራቃችሁ ከምላስ ዳር ቢፈስ ከፍታው ያቆየው ኮምጣጣነት ነው። ድዳችሁን ቢይዘው ታኒኑ ነው፤ ከፍሬው ልጣጭና ዘር የሚወጣው አፍ አድራቂ ነገር። "የላቫ ጣዕም አለው" የሚላችሁን ሻጭ ግን አትመኑት፤ ሥር ድንጋይ አይጠጣም።

ቀዩን ከዶሮ ወጥ ጋር ሞክሬው አልሆነልኝም፤ በርበሬው ታኒኑን ያስመርረዋል። ለጥብስ ግን አንደኛ ነው። ለዶሮው የሚሎን ነጭ አቀዝቅዙለት።