ከሙከራ ለተመለስክ አጥቂ፦ የቫርዲን ሩጫ እንዲህ ተለማመድ

ሰውነትህ አነሰ ተብለህ ከክለብ ሙከራ ከተመለስክ ይሄን የምጽፈው ላንተ ነው። ሀዋሳ፣ ታቦር ተራራ ስር ልጆች አሠለጥናለሁ። ታኬታውን በፌስታል ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚመጣ ልጅ በየዓመቱ አላጣም። ሁሉንም የማስጀምራቸው ከእንግሊዛዊው አጥቂ ከጄሚ ቫርዲ ነው።

ቫርዲን ሼፊልድ ዌንስዴይ የሚባለው ክለብ ገና ታዳጊ እያለ አጭር ነህ ብሎ አሰናብቶታል። ከዚያ ስቶክስብሪጅ ፓርክ ስቲልስ ለሚባል ትንሽ ክለብ በሳምንት 30 ፓውንድ እየተከፈለው ተጫወተ፤ ፋብሪካ ውስጥም ይሠራ ነበር። ኢንዱስትሪ ፓርክ ሺፍት ጨርሳችሁ ሜዳ የምትመጡ ልጆች ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። በ2012 ሌስተር ሲገዛው 25 ዓመቱ ነበር። ፕሪሚየር ሊግ የገባው በ27 ዓመቱ፣ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ያገባው 5 ጎል ብቻ። በቀጣዩ ዓመት 24 አገባና ሌስተር ዋንጫውን በላ።

ከሱ የምትወስደው ሩጫውን ነው። ፈጣን ልጅማ ሀዋሳ ሞልቷል፣ ቁም ነገሩ መቼና ከየት እንደምትነሳ ማወቁ ላይ ነው። ቫርዲ በ33 ዓመቱም በ23 ጎል የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆኗል።

መጀመሪያ ኖቬምበር 28 ቀን 2015 ማንችስተር ዩናይትድ ላይ ያገባትን ጎል ስልክህ ላይ ፈልግ። በ11 ተከታታይ የሊግ ጨዋታዎች አግብቶ የቫን ኒስትሮይን ሪከርድ የሰበረባት ናት። ኳሷን ተዋትና እሱን ብቻ እይ። የቡድን ጓደኛው ፉክስ ሰንጥቆ ሲሰጠው ቫርዲ ቀድሞ ሩጫ ላይ ነው፤ ከዚያ በረኛውን ዴ ሄያን አሳልፎ በሩቁ ቋሚ በኩል ያስገባታል። አሥር ጊዜ ደጋግመህ እያት።

አሁን ወደ ሜዳ። ሦስት ሰው ይበቃል፦ አሳላፊ፣ ተከላካይና አንተ። ሁለት ሃይላንድ አቁምና የኦፍሳይድ መስመርህ አድርጋቸው። መስመሩን ሳታልፍ ከተከላካዩ ጀርባ ትንሽ ወደ ጎን ቁም፣ አንተንና ኳሷን አንድ ላይ ማየት በማይችልበት ቦታ። አንተን ፍለጋ አንገቱን ካዞረ ኳሷን ይስታታል፣ ኳሷን ካየ ደግሞ አንተ የለህም።

አሳላፊው ቀና ሲል ተነስ። ቀጥታ ወደ ጎል ከሮጥክ ኦፍሳይድ ነህ። ሁለት ሦስት እርምጃ መስመሩን ተከትለህ ወደ ጎን ሂድና እግሩ ኳሷን ሲነካ ወደ ፊት ታጠፍ። ብዙ ልጆች እጃቸውን አንስተው ቆመው ኳስ ይጠይቃሉ፣ ከተሰጣቸው በኋላ ነው የሚነሱት። ይሄ በጣም ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ያኔ ተከላካዩም አብሮ ይነሳል።

20 ሜትር ያህል፣ 8 ጊዜ። ስትመለስ በእግርህ እየተራመድክ፣ ትንፋሽህ እስኪመለስ ጠብቅ። ደክሞህ ከሮጥክ ሰውነትህ የሚለምደው ዝግታን ነው። ፀሐይ ሳይከር፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጥሩ ነው።

ኳሷ ስትደርስህ እግርህ ስር አታቁማት፣ ወደምትሮጥበት ግፋት። የኛ ሜዳ አባጣ ጎርባጣ ስለሆነ ኳሷ ድንገት ትዘልብሃለች፤ ስለዚህ ከመምታትህ በፊት ያሉትን ሁለት እርምጃዎች አሳጥራቸው፣ ያኔ እግርህን ለማስተካከል ጊዜ ታገኛለህ። መሬት ለመሬት፣ ወደ ሩቁ ቋሚ።

አሳላፊህን ደግሞ አትቀያይር። ቫርዲ ሌስተር ውስጥ ኳስ የሚያቀብሉት ማህሬዝና ድሪንክዋተር ነበሩት፣ አንተም ከአንድ ልጅ ጋር ቢያንስ አንድ ወር ሥራ። መጀመሪያ ላይ አሥሬ ሮጠህ አንዴም ላይሰጥህ ይችላል፤ አትቆጣው፣ ዓይኑ ሩጫህን እስኪለምድ ነው። ምልክትም ተስማሙ። እኔ ጋ ያሉ ሁለት ልጆች አጥቂው በተረከዙ መሬቱን ሁለቴ መታ ሲያደርግ ኳሷ ከተከላካዩ ጀርባ ትጣላለች፤ ተከላካዩ ኳሷን እያየ ስለሆነ ልብ አይላትም።