ስለ ዓለም ፍጻሜ ስናወራ የምንስታቸው ነገሮች

ጉድ በተሰማ ቁጥር «ስምንተኛው ሺህ ደረሰ!» ማለት ለምዶብናል። ሒሳቡን ግን ማንም አይሠራውም። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ነው፤ ስለዚህ ሰባተኛው ሺህ የሞላው በ1500 ዓ.ም. ነበር። ዐፄ ናዖድ «ስምንተኛው ሺህ በእኔ ዘመን አይግባ» ብለው ጸልየው በዚያው ዓመት ዐረፉ ይባላል። እኛ ከገባንበት ከ500 ዓመት በላይ ሆኖናል። ቀን መቁረጥ የእኛ ብቻ አመል አይደለም። በአሜሪካ የሰባኪው የዊልያም ሚለር ተከታዮች እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 1844 ጌታን ሲጠብቁ ውለው አደሩ፤ ነጋ፣ አልመጣም። በየዓመቱ በደብረ ዘይት ሰንበት የሚነበበው ማቴዎስ 24 ግን ያችን ቀን የሰማይ መላእክት እንኳ እንደማያውቋት በግልጽ ይናገራል።

ከዚህ የሚብሰው ስህተት ምድር ተቃጥላ የምትጣል፣ እኛም ነፍስ ብቻ ሆነን የምናመልጥ አድርጎ ማሰብ ነው። ለዚህ የሚጠቀሰው 2ኛ ጴጥሮስ 3 ነው፤ እሳቱን አንብበው መጽሐፉን ያጥፉታል። እዚያው ምዕራፍ ላይ የቀድሞው ዓለም በጥፋት ውኃ «ጠፋ» ተብሏል፤ ኖኅ ከመርከቡ ሲወጣ የረገጠው ግን ያችኑ ምድር ነው። ጥቂት ወረድ ሲሉም ጽድቅ የሚኖርበትን አዲስ ሰማይና አዲስ ምድር ያገኛሉ። ሮሜ 8 ፍጥረት ከጥፋት ባርነት ነጻ ይወጣል ይላል፤ ነጻ የሚወጣ ነገር ደግሞ አይጣልም። በራእይ 21 አዲሲቱ ኢየሩሳሌም ከሰማይ ትወርዳለች እንጂ ሰው ወደ ላይ ሲሸሽ አናይም። በጸሎተ ሃይማኖት ተስፋ የምናደርገውም የሙታንን መነሣት ነው። ከሞት የተነሣው ክርስቶስ ቁስሉን አሳይቷል፣ የተጠበሰ ዓሣም በልቷል፤ መንፈስ ዓሣ አይበላም።

አዲስ ካርድ ወይም ክትባት በወጣ ቁጥር 666ን መፈለግ ብዙ ቃል አያስፈልገውም፤ ወሬው ሲያረጅ ትርጓሜውም አብሮ ያረጃል።

«ዓለም ሊያልፍ ነው» ብሎ እጅ አጣጥፎ መቀመጥም አለ። ጳውሎስ የጌታ ቀን ደርሷል በሚል ወሬ እንዳይናወጡ ለተሰሎንቄ ሰዎች በጻፈበት በዚያው መልእክት፣ ሊሠራ የማይወድ አይብላ ብሏል።