ዓርብ ከሰዓት የምትወጣው ግማሽ ወረቀት፦ የትምህርት ቤት ሳምንታዊ ዜና እንዴት ይዘጋጃል?

ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ባለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ለወላጆች የሚላከውን ሳምንታዊ ወረቀት ስምንት ዓመት ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ማንም መርጦኝ አይደለም፤ «ጽሑፍሽ ያምራል» ተባልኩ፣ በዚያው ቀረሁ። ዘንድሮ ለአንድ ወጣት መምህር ላስረክብ ስለሆነ በቃል የነገርኩትን እዚህ ልጻፈው። ይህ ሥራ የተጣለበት ሌላ መምህርም አይጠፋም።

መጀመሪያ አንባቢያችሁን እወቁ። ወረቀቱ የሚላከው ለወላጅ ነው፤ የሚያነበው ግን ብዙ ጊዜ ልጁ ነው። እኛ ጋ አያት፣ አክስት ወይም ታላቅ እህት የሚያሳድጓቸው ልጆች ብዙ ናቸው። ማታ ቦርሳቸውን ከፍተው «ቲቸር የሰጠችን ወረቀት» እያሉ ያነቡላቸዋል። ስለዚህ የምትጽፉት ለሦስተኛ ክፍል ልጅ አንደበት ነው። እኔ ሐሙስ በእረፍት ሰዓት አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ጠርቼ ረቂቁን ጮክ ብሎ እንዲያነብልኝ አደርጋለሁ። የተደናቀፈበትን ቃል እሰርዛለሁ። አንድ ጊዜ «አስፈላጊውን ቅድመ ዝግጅት በማጠናቀቅ» ብዬ ጽፌ፣ አንባቢዬ ቀና ብላ «ቲቸር፣ ምን ይዘን እንምጣ ነው?» አለችኝ። መልሱን ጻፍኩት፦ ውሃና ኮፍያ ይዛችሁ ኑ።

«እንደሚታወቀው ትምህርት ቤታችን የመማር ማስተማር ሂደቱን…» የሚለውን መግቢያ ጣሉት። የእኛ ወረቀት የኤ ፎር ግማሽ ናት፤ አንዱን ገጽ ሁለት አድርገን ነው የምንቆርጠው። ለሰላምታ አንድ መስመር ይበቃታል። ቀጥሎ ወላጁ በዚህ ሳምንት ማድረግ ያለበት ነገር ይምጣ፦ የሚፈረም፣ የሚላክ፣ የሚመጣበት ስብሰባ። ዜናው ከታች ይሁን። ብዙ ሰው ከላይ ሦስት መስመር አንብቦ ነው የሚያጥፈው።

ጊዜ አጻጻፍ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ያቃጠለኝ እሱ ነውና። የዛሬ አምስት ዓመት የውጤት ካርድ የሚሰጥበትን «ቅዳሜ 8:30» ብዬ ጻፍኩ። እኔ ከምሳ በኋላ ማለቴ ነው። ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል ግማሹ ወላጅ በር ላይ ተሰልፎ ነበር፤ መሥሪያ ቤታቸውም ስልካቸውም የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ክፍሎቹ ተቆልፈዋል፣ እኔ ደግሞ ገና ቤቴ ነኝ። አንዲት እናት ቆይተው ሲያገኙኝ «ልጄ፣ ሰዓትሽ የማን ነው?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሰዓት በቁጥር ጽፌ አላውቅም። የዕለቱ ስም፣ የአገራችን ቀን፣ «ከጠዋቱ» ወይም «ከሰዓት በኋላ»፣ ከዚያ ሰዓቱ በፊደል፦ «ቅዳሜ ኅዳር 13 ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት»። «ነገ» እና «በሚቀጥለው ሳምንት» የሚሉትንም እርሷቸው። ዓርብ የወጣችው ወረቀት እሑድ ማታ ልትነበብ ትችላለች፤ ያኔ «ነገ» ማለት ሌላ ቀን ነው።

በዓላትን ስትጽፉ ከሚዘጋበት ቀን ይልቅ የሚከፈትበትን አድምቁት። በዓሉንማ ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚጠየቀው «መቼ እንመለስ?» ነው። በልምድ መጻፍም ያሳስታል። ገና ታኅሣሥ 29 ነው ብላችሁ አትደምድሙ፤ ጳጉሜን ስድስት ሆና በተሻገርንበት ዓመት 28 ላይ ይውላል፣ በ2016 እንደዚያ ነበር። የሰንደቅ ዓላማ ቀንም የጥቅምት የመጀመሪያው ሰኞ ስለሆነ ቀኑ በየዓመቱ ይቀያየራል፤ በ2018 የዋለው ጥቅምት 3 ነው። ኢድ አልፈጥር የሚቆረጠው ጨረቃ በምትጠበቅበት ማታ ነውና ሁለቱንም አስቀምጡ፦ «ኢድ እሑድ ከዋለ ሰኞ ትምህርት አለ፤ ሰኞ ከዋለ ማክሰኞ እንገናኛለን።» አረፋ ግን ከአሥር ቀን ገደማ በፊት ስለሚታወቅ በእርግጠኝነት መጻፍ ትችላላችሁ።

በዓል ሆኖ የማይዘጋ፣ ግን ወረቀቷ ላይ መግባት ያለበት ቀንም አለ። ኅዳር 12ን ተመልከቱ። ቀኑ የሚነሣው በ1911 ብዙ ሰው ከፈጀው ወረርሽኝ፣ ከኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ ነው፤ ዛሬም ቆሻሻ የሚያቃጥል ስላለ ሰፈሩ በጭስ ይታፈናል። አስም ያለባቸው ልጆች አሉን። እንግዲህ ሳምንቱ እንዲህ ይወጣል፦

«ከኅዳር 8 እስከ 13 ቀን 2018
ከእናንተ የምንፈልገው፦ የአራተኛ ክፍል ወላጆች የጉብኝት ፈቃዱን ፈርማችሁ እስከ ማክሰኞ ኅዳር 9 ላኩልን።
ረቡዕ ኅዳር 10፦ አራተኛ ክፍል አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽን ለማየት በእግር ይሄዳል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተነሥተን ለምሳ እንመለሳለን። ገንዘብ አንጠይቅም። ውሃና ኮፍያ ያስፈልጋል።
ዓርብ ኅዳር 12፦ ትምህርት አለ። ጭስ ስለሚኖር ስፖርት ክፍል ውስጥ ነው። አስም ያለበት ልጅ መድኃኒቱን ይዞ ይምጣ።
ቅዳሜ ኅዳር 13፦ የወላጆች ስብሰባ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። በአራት ሰዓት ተኩል ያልቃል።»

«ገንዘብ አንጠይቅም» የምትለዋን አትዝለሏት። ካልተጻፈች እስከ ሰኞ «መቶ ብር ነው አሉ» የሚል ወሬ ይደርሳል፤ የሌለው ወላጅም ልጁን በዚያ ቀን ያስቀረዋል። የሚያልቅበትን ሰዓት የጻፍኩትም ያለ ምክንያት አይደለም። ፒያሳ ሲፈርስ ወደ ከተማው ዳር የሄዱ፣ ልጃቸውን ግን ከእኛ ያላዘዋወሩ ቤተሰቦች አሉ። ሁለት ታክሲ ይዘው የሚመጡ ሰዎች ስንት ሰዓት እንደሚለቀቁ ማወቅ ይፈልጋሉ። ስብሰባ ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አትጥሩ፤ እነሱ አይመጡም።

ዜናውን በተመለከተ አንድ ጠላት አለኝ፦ «በደማቅ ሁኔታ ተከብሮ ዋለ»። ምን እንደተደረገ አይነግርም። «የሁለተኛ ለ ተማሪዎች ግቢው ውስጥ ጎመን ተክለዋል፤ ሦስቱን መደብ ዶሮ በላው» ብላችሁ ብትጽፉ አያቶች ሁለቴ ያስነብቡታል። የልጅ ስም ለምስጋና ብቻ ይጠቀስ፤ ያረፈደ፣ የወደቀ፣ ደብተር ያላሟላ ልጅ ወረቀቷ ላይ ቦታ የለውም። ፎቶ ከሆነ ወላጁን ሳታስፈቅዱ አትለጥፉ። የምገባውን ዝርዝር ከተረፈ ቦታ አስገቡት፤ ልጆቹ መጀመሪያ የሚፈልጉት እሱን ነው።

ቴሌግራም ላይ የወረቀቱን ፎቶ ብቻ ወርውራችሁ አትሂዱ። በጽሑፍ ጻፉት፣ ከሥሩ ደግሞ የአንድ ደቂቃ ድምፅ ጨምሩ። እኛ ጋ የሚኒ ሚዲያ ልጆች እየተፈራረቁ ያነቡታል። ማንበብ የማይችሉ ወላጆች አሉ፤ ማንም ፊት ሳያፍሩ ይሰማሉ። ስህተት ከተገኘ የድሮውን በዝምታ አትሰርዙ፣ «እርማት» ብላችሁ አዲስ ላኩ። የቀድሞውን ያየው ሰው ሁለተኛ ተመልሶ አያየውም።

የመጀመሪያውን ቅጂ ደግሞ ለጥበቃው ስጡ። ለርዕሰ መምህሩ ቀጥሎ ይደርሳል፣ አይቆጡም። ወላጅ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት አይቆምም፤ «ጋሼ፣ ዛሬ ምንድን ነው?» ብሎ በሩ ላይ ይጠይቃል። የእኛ ጋሼ ወረቀቷን አጥፈው በደረት ኪሳቸው ይይዛሉ። ሰኞ ጠዋት ከደውል በፊት አጠገባቸው ቆሜ ሰው የሚጠይቀውን እሰማለሁ። ሦስት ሰው አንድ ነገር ከጠየቀ የጎደለው ወረቀቷ ላይ ነው፤ ለራሴ በማስቀረው ቅጂ ጀርባ እጽፈዋለሁ። ባለፈው ሰኞ የተጠየቀው «ታናሽ ወንድሙ አብሮ ይሂድ ወይ?» ነበር። አይሄድም፤ ለቀጣዩ ጉብኝት ይጻፋል።