ዶሮ ሲያስነጥስ፣ ሲያንኮራፋ፣ አንገቱን ሲዘረጋ፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ኮምቦልቻ ዳር ባለው ጓሮዬ ዶሮ ማርባት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። የቀበሌያችን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ክትባት በዓይን ማንጠብ ካስተማረኝ ወዲህ ደግሞ የጎረቤት ዶሮ ሲታመም የምጠራው እኔ ነኝ። የሚሉኝ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ዶሮዎቼን ጉንፋን ያዛቸው፣ ምን ልስጣቸው?» እኔም የመድኃኒት ስም ከመጥራቴ በፊት ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ከጀመራቸው ስንት ቀን ሆነ? ኩሳቸው ምን ይመስላል? በዚህ ሦስት ሳምንት ውስጥ ከገበያ የገባ ዶሮ አለ? ሦስተኛው ላይ ስደርስ ብዙዎቹ ድምፃቸው ይቀንሳል።

ውኃ መቀየርን፣ ቆጥ መጥረግን፣ የታመመችውን ለብቻ ማድረግን ታውቃላችሁና አልደግመውም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ዶሮ ቀን ቀን ሕመሟን ትደብቃለች። ቆጥ ከወጡ በኋላ መብራት ሳታበሩ ቆማችሁ አድምጡ፤ ቀን ያልሰማችሁትን ትሰማላችሁ።

ጠዋት ያስነጥሳሉ፣ ዓይናቸው ያለቅሳል፣ ሲለቀቁ ይሻላቸዋል

ይህ ብዙ ጊዜ ከቤቱ እንጂ ከበሽታ አይመጣም። ደሴና ኩታበር ላይ ብርዱን ፈርቶ የዶሮ ቤቱን ቀዳዳ ሁሉ በጨርቅና በኬሻ የሚወትፍ ሰው ብዙ ነው። የእርጥብ ኩስ ሽታ፣ አሞኒያ የሚባለው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳንባቸውን ሲያቃጥል ያድራል። በማለዳ፣ ሳትከፍቱላቸው በፊት፣ ጎንበስ ብላችሁ በዶሮዋ ቁመት ልክ ተንፍሱ። ዓይናችሁን ከቆጠቆጣችሁ መንስኤውን አገኛችሁት። ከጣሪያው ሥር የአንድ ስንዝር ያህል ክፍተት ተዉ፤ ንፋሱ ከራሳቸው በላይ ይለፍ። ኩሱን ጥረጉ፣ ደረቅ ጭድ ወይም ሰጋቱራ አንጥፉ። ጓዳ ከሰው ጋር የሚያድሩ ከሆነ የኩበቱንም ጭስ አስቡበት። በአራት በአምስት ቀን ካልተሻላቸው ወደሚቀጥለው እለፉ።

ማታ ያንኮራፋሉ፣ ሳምንታት አልፈዋል፣ የሞተ ግን የለም

ጉሮሯቸው ውስጥ ውኃ ያለ ይመስል ያንቃርራሉ። ዓይናቸው ጥግ ላይ አረፋ ይታያል፣ እንቁላል ይቀንሳል፣ መብላቱን ግን አይተዉም። ማይኮፕላዝማ የሚባል ባክቴሪያ ነው። በትንፋሽ ቀስ ብሎ ይዛመታል፤ ከእናቲቱም በእንቁላል ውስጥ ወደ ጫጩት ያልፋል። ታይሎሲን ወይም ዶክሲሳይክሊን ባለሙያው ባዘዘው መጠንና ቀን ሲሰጥ ምልክቱ ይጠፋል፤ ባክቴሪያው ግን ከዶሮዋ ጨርሶ አይወጣም። ብርድ ወይም ረሃብ ሲያገኛት፣ ወይም በመኪና ስትጓዝ ያገረሽባታል። ስለዚህ ከእንዲህ ያለች ዶሮ እንቁላል አታሳቅፉ። ሐይቅ አካባቢ አንዲት እናት «ይቺን የመሰለች ታቃፊ የለችኝም» እያለች ሁለት ዓመት ሙሉ ከአንዲት የምታንቃርር ዶሮ አስፈለፈለች፤ በየጊዜው የሚወጡት ጫጩቶች ሲያንቃርሩ ነው ያደጉት። ዶሮዋ ታርዳ ለወጥ ስትውል ችግሩ ቆመ።

ፊቷ አበጠ፣ ዓይኗ ተደፈነ፣ ንፍጧ ይሸታል

ሽታውን አንዴ ያወቀ ሰው አይረሳውም፤ የበሰበሰ ነገር ይሸታል። ኮራይዛ የሚባል የባክቴሪያ በሽታ ነው። ከአንዷ ወደ ሌላዋ በአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ይሻገራል፣ በሳምንት መንጋውን ሁሉ ሊያዳርስ ይችላል። ብዙ አይገድልም፤ እንቁላል ግን ክፉኛ ይቀንሳል፣ ዓይኗ የተደፈነች ዶሮም መኖውን ሳታየው በረሃብ ትሞታለች። ዓይኗን ለብ ባለ የጨው ውኃ አጥባችሁ ክፈቱላት፣ በእጃችሁ አጠጧት። ሰልፋ፣ ኦክሲቴትራሳይክሊን ወይም ኢሪትሮማይሲን ይረዳል፤ የትኛው እንደሚሻልና መጠኑን ባለሙያው ይንገራችሁ። የዳነችውም የበሽታው ተሸካሚ ሆና ትቀራለችና አትሽጧት፣ ለዘመድም አትስጧት። ደግነቱ ተህዋሱ ከዶሮ ገላ ውጭ ከጥቂት ቀን በላይ አይቆይም። ቤቱን አጽድታችሁ ሁለት ሳምንት ባዶ ከተዋችሁት ይበቃል።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

አፏ ውስጥ ቢጫ አይብ የመሰለ ነገር ከተጋገረ የዶሮ ፈንጣጣ ሊሆን ይችላል፤ በኃይል አትላጡት፣ ይደማል። ጫጩት ንፍጥ ሳይኖራት አፏን እየከፈተች ካዛጋች የጉሮሮ ትል ነው፣ የትል መድኃኒት ትፈልጋለች። አንገቷን ዘርግታ ደም የተቀላቀለበት አክታ የምትረጭ ከሆነ ለባለሙያ አሳዩ። ሳሉ በሁለት ቀን ሁሉንም አዳርሶ እንቁላሉ የተጨማደደ ቅርፊት ካወጣ፣ ነጩም እንደ ውኃ ከቀጠነ፣ የብሮንካይተስ ቫይረስ ሊሆን ይችላል፤ ሙቀት ስጡ፣ ጠብቁ። ጭንቅላታቸው አብጦ፣ አናታቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ጠቁሮ፣ በአንድ ሌሊት ብዙ ከሞቱ ግን በእጃችሁ አትንኩ፣ ልጆችን አርቁ፣ በዚያው ቀን ለእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት አሳውቁ።

ይተነፍሳሉ ማለት አይቻልም፣ ኩሳቸው አረንጓዴ ነው፣ አንገታቸው ይጠመዘዛል

ፈንግል። ከምጠራባቸው ቤቶች አብዛኞቹ ውስጥ የማገኘው ይህን ነው። በክትባቱ ብልቃጥ ላይ «ኒውካስል» ተብሎ የሚጻፈውም እሱ ነው፤ «የፈንግል ክትባት ስጡኝ ብል ሌላ ሰጡኝ» ብላችሁ እንዳትመልሱት። ስሙ የእንግሊዝ ከተማ ነው፣ በ1926 እ.ኤ.አ. በሽታው ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ።

አጀማመሩ ጉንፋን ይመስላል፤ ሰው የሚታለለውም እዚህ ላይ ነው። አንዷ ላባዋን አንጨፍርራ ጥግ ትይዛለች፣ ታስላለች፣ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች። በማግስቱ እንደ ውኃ የቀጠነ አረንጓዴ ኩስ ይመጣል። ከዚያ ክንፏ ይወድቃል፣ እግሯ ይሽመደመዳል፣ አንገቷ ይጠመዘዝና ሰማይ ሰማይ ታያለች። አንዳንዷ ምንም ሳታሳይ ማታ ደህና ወጥታ ጠዋት ከቆጡ ሥር ትገኛለች። ክትባት ያላገኘ መንጋ ውስጥ ከገባ ሁሉንም ሊጨርስ ይችላል።

ከየት መጣ? ከገበያ። አንዲት የሐርቡ ሴት ለመውሊድ ብላ ከባቲ የሰኞ ገበያ ሁለት ቄብ ገዛች። ያን ማታ ከራሷ አሥራ ዘጠኝ ዶሮ ጋር አንድ ቆጥ ላይ አሳደረቻቸው። ሐሙስ አንዷ ቄብ አንገቷን ደፋች፤ «መንገድ አድክሟት ነው» አሉ። ቅዳሜ ሞተች። በሚቀጥለው ረቡዕ ሲደውሉልኝ ሰባት ሞተዋል፣ አውራ ዶሮው በአንድ ጎኑ ተጋድሞ እግሩን ይጎትታል። ከሁሉም የተረፉት ሁለት ናቸው፤ አንዷ ዛሬም አንገቷ እንደተጠመዘዘ ነው። በሽታው ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ምልክት እስኪያሳይ ከሁለት እስከ አሥራ አምስት ቀን ይቆያል፣ ብዙውን ጊዜ አምስት ስድስት ቀን። ገበያ ላይ ደህና የምትመስለው ቄብ ደህና ላትሆን ትችላለች ማለት ነው።

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። በየመንደሩ አንድ ዶሮ ሲሞት «ሳይሞቱ ልሽጣቸው» ተብሎ የቀሩት በማለዳ ታስረው ገበያ ይወርዳሉ። በዓል ሲደርስ፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ይብሳል። ረክሳ ያገኛችኋት ዶሮ ለምን እንደረከሰች ሳትጠይቁ አትግዙ። እናንተም የታመመ መንጋ አትሽጡ፤ የሌላ እናት ጓሮ ትጨርሳላችሁ።

አዲስ ዶሮ ሦስት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ። ቦታ የለኝም አትበሉ፤ ከጓሮው በሌላኛው ጫፍ፣ በትልቅ ቅርጫት ሥር፣ ወይም የእንጨት ሳጥን ውስጥ። መጀመሪያ የራሳችሁን መግቡ፣ አዲሷን መጨረሻ፣ ከዚያ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የውኃ ዕቃቸው ይለያይ። ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ከራሳችሁ አንዲት ዶሮ ወስዳችሁ ከአዲሷ ጋር አሳድሯትና ሳምንት ጠብቁ፤ ተሸካሚ ከሆነች በእሷ ላይ ይታያል። አንዲት ማጣት ሃያ ከማጣት ይሻላል።

መድኃኒትስ? ፈንግል ቫይረስ ነው፣ መድኃኒት የለውም። የቴትራሳይክሊን እንክብል እየፈቱ ውኃ ውስጥ መበተን አይገድለውም። ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ ፌጦ፣ አረቄም እንዲሁ። ጎረቤቴ ጋሼ አራት ቀን ሙሉ አረቄ በጠብታ ሲያጠጡ ከርመው ከአሥራ አንዱ ሦስት ተረፉላቸው፤ እስከ ዛሬ ያዳንኳቸው በአረቄው ነው ይላሉ። አንቱ የማከብርዎ ሰው ነዎት ጋሼ፣ ግን ሦስቱ ሳይጠጡም ሊተርፉ ይችሉ ነበር። አንቲባዮቲክ የሰጣችኋት ዶሮ እንቁላልና ሥጋ ደግሞ ባለሙያው የሚነግራችሁ ቀን እስኪያልፍ አይበላም። ይህን የሚጠብቅ ሰው እምብዛም አላይም፤ ለልጆቻችሁ ስትሉ ጠብቁ።

የታመመን መንጋ መከተብም አያድንም። ሰው በሽታው ከገባ በኋላ ሮጦ ክትባት ይገዛል፣ ዶሮዎቹ ሲሞቱ «ክትባቱ ገደላቸው» ይላል። ክትባት ለደህነኛው፣ ገና ላልደረሰበት ጎረቤት ነው።

የሞተውን ቅበሩ። ጉድጓዱ ውሻ የማይጭረው ያህል ይጥለቅ፣ ኖራ ወይም አመድ አልብሱት። ላባውንም፣ አንጀቱንም፣ ጭንቅላቱንም አብራችሁ። ቦርከና ወንዝ ላይ የሚጥሉ አሉ፤ ከታች ያለው መንደር ዶሮ ውኃ የሚጠጣው ከዚያው ነው። አንድ ጊዜ ከጉድጓድ በውሻ የወጣ ሬሳ ሦስት ቤት አልፎ ሲጎተት አይቻለሁ፤ በሳምንቱ ሦስቱም ቤት ፈንግል ገባ። የታመመች ዶሮ የነካ እጅ ዓይን አይንካ፤ በሰው ላይ የዓይን መቅላት ያመጣል።

ከዚያ በኋላ ቤቱን ባዶ አድርጉት። ኩሱን ጠርጋችሁ ቅበሩ፣ ቆጡን በሳሙና እጠቡ፣ በረኪና በውኃ አቅጥናችሁ ድገሙት፣ ፀሐይ አስመቱት። ሳታጥቡ በረኪና አትርጩ፤ ኩስ ላይ አይሠራም። አንድ ወር ተኩል ሳይሞላ አዲስ አታስገቡ። የተረፉትም ለሳምንታት በሽታውን ስለሚያወጡ በዚህ ጊዜ ከግቢ አይውጡ።

«ከትቤ ነበር፣ ግን ሞቱብኝ»

ይህም ይመጣል፣ ብዙ ጊዜ። የኮምቦልቻ ወጣቶች ተደራጅተው ሳሶ የሚባለውን ዝርያ ሁለት መቶ ዶሮ ያረቡ ነበር። ቀኑን ጠብቀው ላሶታ የሚባለውን፣ በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣውን የፈንግል ክትባት ሰጡ፣ በወሩ ፈንግል ከግማሽ በላይ ወሰደባቸው። እንዴት እንደሰጡ ጠየቅኳቸው። ከደሴ ገዝተው በሸሚዝ ኪስ ይዘው፣ ምሳ በልተው፣ ቀትር ላይ ደርሰው፣ በዛገ የብረት ግማሽ በርሜል፣ ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውኃ በጠበጡት። ለዶሮዎቹ የደረሳቸው ባዶ ውኃ ነው። የሚያሳዝነኝ ልጆቹ ልፋተኞች መሆናቸው ነው፤ የሸጠላቸው ሰው በረዶ እንኳ አልሰጣቸውም። ያለ በረዶ ክትባት የሚሸጥ ሰው ብር መቀበል የለበትም።

ላሶታ ከመደብሩ እስከ ቤት ድረስ በረዶ ባለበት ፔርሙዝ ይምጣ። ውኃው የጉድጓድ ወይም የዝናብ ይሁን፣ ዕቃው ፕላስቲክ። በሊትር ሁለት ግራም ተኩል ያህል ቅባት የሌለው የዱቄት ወተት አስቀድማችሁ በጥብጡበት፣ ክትባቱን ይጠብቀዋል። ዶሮዎቹን አንድ ሁለት ሰዓት ውኃ ከልክሉ፣ በማለዳ ስጡ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠጥተው ይጨርሱ። ለትንንሾቹ፣ ከሳምንታቸው ጀምሮ፣ ኤች ቢ ዋን የሚባለው የፈንግል ክትባት በዓይን ይንጠብ፤ ላሶታው በሦስተኛው በአራተኛው ሳምንት ይከተላል።

ለጓሮ ዶሮ የምወደው ግን ቢሾፍቱ የሚመረተውን ሙቀት የሚችለውን፣ አይ ቱ የተባለውን የፈንግል ክትባት ነው። ከላሶታ የተሻለ ሙቀት ይታገሳል፤ ፀሐይ ላይ ግን አይቀመጥም። ለአንድ ዶሮ አንድ ጠብታ በዓይን። ብልቃጡን ቀጥ አድርጋችሁ ዘቅዝቁ፣ ጠብታው እስኪገባ፣ ዓይኗን እስክትጨፍን ጠብቁ፤ ወዲያው ከለቀቃችኋት ራሷን ታራግፈዋለች።

«ብልቃጡ ለመቶ ዶሮ ነው፣ እኔ ያለኝ ሰባት» የሚለው ደግሞ የብዙ ቤት ችግር ነው። እኛ በቅሬያችን፣ በእድራችን ማለቴ ነው፣ ተነጋግረን ፈታነው። አሥራ አራት ቤት ገንዘብ ያዋጣል፣ አንድ ሰው ክትባቱን ያመጣል፣ ሁሉም ዶሮውን ሳይለቅ ይጠብቃል። ጎህ ሲቀድ እንጀምራለን፣ የመጀመሪያዋ ቤት ቡና አቦሉ ሲደርስ ግማሹ አልቋል። ከቤት ቤት ስሸጋገር ጫማዬን እቀይራለሁ፣ እጄን እታጠባለሁ፤ ዶሮ የታመመበት ቤት ካለ ያን ቀን አልገባም። የምንከትበው ሐምሌ መጨረሻ፣ ኅዳር አጋማሽ፣ የካቲት መጨረሻ እና ግንቦት መጨረሻ ነው፤ ክትባቱ እስኪሠራ ሦስት ሳምንት ያህል ስለሚፈልግ ከእንቁጣጣሽ፣ ከገና፣ ከፋሲካና ከክረምቱ በፊት እንዲደርስ።