ሰብቨርዥን ላይ «ኒድስ ሎክ» የማይሠራበት ምክንያትና መፍትሄው

ምልክቱ፦ በሰብቨርዥን (የፋይሎችን ለውጥ በሚመዘግበው ሶፍትዌር) «ኒድስ ሎክ» የተባለው ፕሮፐርቲ (ፋይሉን ከማረም በፊት ሎክ፣ ማለትም ለብቻ የማረም መያዣ፣ መውሰድ እንደሚገባ የሚያስታውስ ምልክት) ተቀምጧል እየተባለ ፋይሉ «ለንባብ ብቻ» አይሆንም፤ ሁለት ሰዎችም አንዱን የሥዕል ወይም የኤክሴል ፋይል ሳይተያዩ ሲያርሙ ይቆዩና ዘግይቶ ኮሚት ያደረገውን (ለውጡን ወደ ሰርቨሩ የላከውን) ግጭት ይጠብቀዋል። እንዲህ ያለ ፋይል እንደ ኮድ መስመር በመስመር ስለማይዋሃድ የአንዳቸው ሥራ መጣሉ አይቀርም።

ምክንያቱ፦ ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ አንድ ነው። ሰዎች በየራሳቸው ኮምፒውተር ኮንፊግ ፋይል ውስጥ፣ «አውቶ-ፕሮፕስ» በሚለው ክፍል (ለፋይል ዓይነቶች ፕሮፐርቲ በራሱ እንዲሰጥ በሚያዘው) ሥር፣ የፋይሉን ዓይነት ይጽፉና ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል። ይህ ቅንብር የሚሠራው ግን ፋይሉ በ«አድ» ወይም በ«ኢምፖርት» አዲስ ሲገባ ብቻ ነው፤ ቀድሞ ሪፖዚቶሪ (የቡድኑ የጋራ ማከማቻ) ውስጥ ያለውን አይነካም፣ የባልደረባንም ኮምፒውተር አያዝም። እንዲያውም አንድ ቡድን ውስጥ ቅንብሩን በጥንቃቄ ያዘጋጀው ሰው፣ ከአባላቱ ሁሉ አዲስ ፋይል ጨምሮ የማያውቀው እሱ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። «ኢኔብል-አውቶ-ፕሮፕስ» ከሚለው መስመር ፊት ያለውን፣ መስመሩን ከሥራ ውጭ የሚያደርገውን # ሳያነሱ ሶፍትዌሩን የሚወቅሱም አይጠፉም።

መፍትሄው፦ ነባሮቹን ፋይሎች በስም ለይቶ «ፕሮፕሴት» ማድረግ (በትእዛዝ ፕሮፐርቲውን መስጠት)፣ ለውጡን ኮሚት ማድረግ፣ ከዚያም ሁሉም አፕዴት እንዲያደርጉ (አዲሱን ለውጥ ከሰርቨሩ እንዲያወርዱ) ማስገደድ ነው፤ አፕዴት ያላደረገ ሰው ዘንድ ፋይሉ እንደ ቀድሞው ለመጻፍ ክፍት ነው። ለወደፊት ለሚገቡት ከሰብቨርዥን 1.8 ጀምሮ በፎልደር ላይ የሚቀመጠውን «ኤስቪኤን አውቶ-ፕሮፕስ» መጠቀም ይሻላል፤ እሱ ከሪፖዚቶሪው ስለሚወረስ በየሰዉ ኮንፊግ ላይ አይንጠለጠልም።

ማስጠንቀቂያ፦ ፕሮፐርቲውን ከዋናው ፎልደር ጀምሮ በሁሉም ፋይሎች ላይ በጅምላ አታስቀምጡ። ይህን ያደረገ ቡድን የኮድ ፋይሎቹ በሙሉ ተዘግተውበት፣ አንዲት ፊደል ለማረም ሎክ መጠየቅ ግድ ሆኖበት አይቻለሁ። እሴቱን «ኖ» ብሎ መጻፍም አያጠፋውም፤ የሚቆጠረው መኖሩ ብቻ ስለሆነ የሚነሳው ፕሮፐርቲን በሚሰርዘው «ፕሮፕዴል» ትእዛዝ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ይህ ፕሮፐርቲ ማስታወሻ እንጂ ዘበኛ አይደለም፦ «ለንባብ ብቻ» የሚለውን በእጁ አንስቶ ያረመ ሰው፣ ሎኩን ሌላ ሰው እስካልያዘው ድረስ፣ ሰርቨሩ ኮሚቱን ይቀበለዋል። ይህን መከልከል የፈለገ በሰርቨሩ ላይ የ«ፕሪ-ኮሚት» ሁክ (ኮሚት ከመጽደቁ በፊት የሚፈትሽ አነስተኛ ፕሮግራም) ይጻፍ።

አልፎ አልፎ ሎክ የሚከለከለው በኮምፒውተራችሁ ያለው የሥራ ቅጂ ስላረጀ ነው፤ አፕዴት ይበቃዋል። ሎኩ የራሳችሁ ሆኖ ኮሚት እምቢ ካለ፣ ሎኩን የያዛችሁት ከሌላ የሥራ ቅጂ ነውና እዚያው ሄዳችሁ ፍቱት።