ከሰሜን ሸዋ ሆኖ የመድረክና የሬዲዮ ተዋናይ ለመሆን

ተዋናይ መሆን የሚፈልግ የደብረ ብርሃን ልጅ መጀመሪያ የሚያስበው አዲስ አበባ መግባትን ነው። 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ይደረስበታል። ከዚያ በፊት ግን ድምፃችሁ ላይ ሥሩ።

ትምህርት ቤታችሁ ሚኒ ሚዲያ ካለው ዛሬውኑ ግቡ። በዚያ ብርድ፣ የሚንሾካሾክ ተማሪ ፊት ቆሞ ሰውን ጸጥ አሰኝቶ ማንበብ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ።

ልምምዱ እንዲህ ነው። «እናቴ፣ በሩን ክፈቺልኝ» የምትለዋን ቃለ ተውኔት ያዙ። ሜዳ ላይ ውጡና ራቅ ብሎ ለቆመ ጓደኛችሁ በሏት። ትንፋሹ ከሆድ ይምጣ፤ ጉሮሯችሁን ካመማችሁ እየጮኻችሁ ነው። ጓደኛችሁ «ክፈቺ»ን ሰምቶ «ልኝ»ን ካልሰማ መጨረሻውን እየዋጣችሁ ነው፣ አማርኛ ደግሞ ማን ለማን እንዳደረገ የሚናገረው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ተመልካቹ ታሪኩ ያመልጠዋል።

ከዚያ ቤት ግቡና ያችኑ ቃል በስልክ ቅረጿት። ስልኩን ከአፋችሁ አንድ ስንዝር አርቁት፣ ትንሽም ወደ ጎን አድርጉት፤ ፊት ለፊት ከሆነ «ፐ» እና «ጰ» ማይኩን ይመቱታል። ክፍሉ ካስተጋባ የመንዝ ባና ግድግዳው ላይ ስቀሉ፣ ወፍራም ሱፍ ስለሆነ ድምፁን ይውጠዋል። እዚህ መጮህ የለም። በሩ ሳይከፈትለት እንዳይቀር የፈራ ልጅ መሆናችሁን አድማጭ የሚያውቀው በትንፋሻችሁ ብቻ ነው። ወረቀት ከተንኮሻኮሸ ቀረጻው ይበላሻል፤ ገጾቹን አታያይዟቸው፣ አንዱን ስትጨርሱ ቀስ ብላችሁ ወደ ጎን አስቀምጡት።

ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ የተረከበትን ቅጂ ፈልጋችሁ ስሙ። የመድረክ ሰው ነበር፣ ግን ያን ሁሉ ገጸ ባሕርይ በአንድ ጉሮሮ ለያይቶ ሲያመጣቸው እዩ! እሱን አትምሰሉ። የት እንደሚያርፍ፣ የት ትንፋሽ እንደሚወስድ ልብ በሉ።

የመንዝ ወይም የቡልጋ አነጋገራችሁን ተዉት የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። እኔ በፍጹም አልስማማም። የከተማውን ጨምሩበት እንጂ የራሳችሁን አትጣሉ። የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም እኮ የተወለዱት እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ ሰያደብር ነው።

አዲስ አበባ ስትሄዱ ኦዲሽን ከመፈለጋችሁ በፊት ቲያትር እዩ። በ1927 የተቋቋመው ሀገር ፍቅር አለ፤ በ1948 የተከፈተው ብሔራዊም አለ። አንዱን ተውኔት ሁለቴ ግቡ። በሁለተኛው የሚናገረውን ትታችሁ ዝም ብሎ የሚያዳምጠውን ተዋናይ ብቻ ተከታተሉ፣ ትወና ከምንም በላይ የሚታየው እሱ ላይ ነው።

የገንዘቡን ነገር ደግሞ ከወዲሁ እወቁት። ከትወና ብቻ መኖር ከባድ ስለሆነ ሌላ ሥራ ይኑራችሁ። ሥራ ስታገኙም ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ የልምምዱ ጊዜ ይከፈልበት እንደሆነ፣ የሬዲዮ ድራማው ሲደገም ምን እንደምታገኙ ሳትፈርሙ በፊት ጠይቁ፣ አንድ ቅጂም እጃችሁ ላይ ይቅር።